የጽኑ አምባ በር

መንደሮች በጦር መሣሪያ መዋጋት ከተከለከሉ ወዲህ፣ የምንጩ ውሃ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው በምናብ መንግሥታት ጨዋታ ነው። የተሸነፈው መንደር ቧንቧ እስከ መከር ድረስ ይዘጋል።

ትናንት ከታች ሰፈር ጋር በገጠምነው ጨዋታ የመንደራችን ንጉሥ እኔ ነበርሁ። የምናብ ምሽጋችንን የጽኑ አምባን በር እንዲጠብቅ ለአበልጄ ለልሳነወርቅ አደራ ሰጠሁት፤ የልጄ የክርስትና አባት ነውና አልጠረጠርሁትም። እርሱ ግን የታች ሰፈር ሰዎች ከውሃው ሊያካፍሉት ቃል ስለ ገቡለት፣ በሩን ለሠራዊታቸው ከፈተ።

«በአበልጅ ላይ እንዲህ ይጨከናል?» አልሁት።

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አበልጄ!» ብሎ ሳቀ።

ዳኛው አላመነታም። «በሩ ከውስጥ የተከፈተ አምባ ይወድቃል» ሲል ፈረደ።

ዛሬ ማለዳ ባለቤቴ ጥሩዓለም የልጃችንን ልብስ በሳሙና አሽታ ልታለቀልቅ ቧንቧውን ብትከፍተው፣ አየር ብቻ ተነፈሰ። ሳሙናው ልብሱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ።

«ልሳነወርቅ ነኝ። ለክርስትና ልጄ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቻለሁ፤ ክፈቱልኝ።»

ጥሩዓለም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ «አንተው ክፈተው! በር መክፈት ታውቅበት የለ?» አለችው።

ልጁ ግን ጠምቶት ነበርና፣ ተነሥቼ ከፈትሁለት።