ከሞተሩ በስተግራ

የሴትዮዋ ባል ሲነዳት ዝም የምትለው ጀልባ ሌላ ሰው ሲነዳት ትንቀጠቀጣለች። ባልየው ወገቡን አሞት ከተኛ ወዲህ ወንድሟ ወጥቶባት ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንጦ ተመለሰ።

መካኒክ ልጥራ ስትለው ባሏ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ "ሞተሩን ማንም እንዳይነካው" አላት። ልጃቸው በሕመም ካረፈ ወዲህ ንግግሩ ሁሉ ከዚህ አያልፍም። የልጁን ልብስ እንኳ፣ ቢጫውን የዝናብ ካፖርት ሳይቀር፣ ሳያማክራት ለሰው ሰጠሁት ብሎ ከቤት አወጣው። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ሰው ግን ዝም አይልም። ማለዳ ውሃው ዳር የሚቆሙ ሴቶች፣ ባሏ ከመታመሙ በፊት ሲወጣ ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰው እናይ ነበር ይላሉ፤ ሲመለስ ግን ሁልጊዜ ብቻውን ነበር። እሳት በሌለበት ጭስ የለም አለች በልቧ። ከእሷ ጋር ማልቀስ ሲያቅተው ሌላ አጽናኝ አግኝቷል ማለት ነው። ከልጇ ወዲህ የቀራት እሱ ብቻ ነበር።

ባሏን እንቅልፍ ሲጥለው መካኒኩን አመጣች። ሞተር በማዳመጥ ስለሚመረምር ሰው "ጆሮው" ይለዋል፤ ሐሜት ደግሞ በዚያ ጆሮ ከገባ በአፉ አይወጣም። እሷ ውሃ ስለምትፈራ ጀልባዋን ረግጣት አታውቅም፤ ልጇንም በጀልባዋ ይዞት እንዳይወጣ አባቱን አስምላው ነበር። ዛሬ ግን ጆሮውን ተከትላ ገባች።

ጆሮው ሞተሩና የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ስስ የብረት መለኪያ አስገባ። ባንድ በኩል ጠበቀው፣ በሌላው ላላበት፤ የሚያንቀጠቅጣት ይህ ነው። አሁን የሞተሩን መቀመጫ ዳዶዎች እየፈታ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበረበት። እሱ ግን እጁን ሰብስቦ ራሱን አከከ።

"እትዬ፣ ይሄ ሞተር ምንም አልሆነም" አላት። ዳዶዎቹ ላይ ያለው ቀለም አልተሰነጠቀም፤ ሞተሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ የነካቸው የለም። ትንሽ ጀልባ ሰው ሲቀመጥባት ሰውነቷ በጥቂቱ ስለሚታጠፍ፣ ሞተሯ የሚስተካከለው ውሃ ላይ፣ የዘወትር ተሳፋሪዎቿ በየቦታቸው ተቀምጠው መሆኑን አስረዳት። "ከሞተሩ በስተግራ የሚቀመጠው ማን ነው?"

ሞተሩ የገባው ልጇ በሕይወት ሳለ ነው። ያቺ ሴት ያኔም ነበረች ማለት ነው።

ጆሮው እሷን በስተግራ አስቀምጦ፣ ራሱ በባሏ ቦታ ሆኖ ለካ። ሊገጥም ጥቂት ብቻ ቀረው።

"ከእርስዎ ቀለል ያለ ሰው ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ቀጭን፣ ወጣት። እሷም አንድ ጊዜ እንዲያ ነበረች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

ከጀልባዋ ፊት የተቆለፈ የዕቃ ሳጥን አለ። ባሏ መረብ ነው ያለው ብሎ ቁልፉን ለወንድሟ እንኳ አልሰጠውም። መረቡ ግን ይኸው እግሯ ስር ተቆልሏል።

"ስበርልኝ" አለችው።

ጆሮው ትዳር ነው፣ ይተዉት ብሎ ለመናት። ካቻቢቴውን ከእጁ ቀምታ የቁልፉን ማንጠልጠያ ራሷ ነቀለችው።

ውስጡ የልጇን ቁመት የሚያህል፣ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ተጋድሟል፤ ቢጫውን የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ ብርድ እንዳይገባው እስከ አንገቱ ተቆልፎለት።