የሁዳዴ በረዶ

«በረዶ በሌለበት አገር ያላችሁ ለዛሬም አዳምጡ ብቻ» አለ የወጣት የዋልታ ተመራማሪዎች ስብሰባ መሪ፣ ከላፕቶፑ ውስጥ።

ሊድያ ዓመቱን ሙሉ ማዳመጡ መሯት ነበር። ላፕቶፑን እንደታቀፈች፣ አዲስ አበባ አትላስ ሰፈር ያለውን የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ክፍል በር በትከሻዋ በረገደችው። ጋቢ የደረቡ ሦስት ተማሪዎቿ ራሳቸው የሠሩትን በረዶ ሰንጥቀው ይለኩ ነበር።

«ሥጋ ቤት ነው፤ ጾም ስለሆነ ባዶ ነው። ይኸው በረዶ!» አለችው።

መሪው ፈገግ አለ። «ሥጋው ሲመለስስ?»

ባለ ሥጋ ቤቱ ጋሽ ጉግሳ ምን እንዳለ ጠየቋት፤ ተርጉማ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ከጥግ ያሉትን ሁለት የሥጋ መስቀያዎች ነቀሉና ኪሳቸው ከተቱ።

«ይቺ ጥግ የእናንተ ናት። ንገሪው፣ ሥጋው ጠጋ ጠጋ ይላል!»