አንድ ክንድ መሬት

ሐኪሙ ለጡረተኛው መምህር ክኒን አላዘዘላቸውም። «በየቀኑ ከሰው ጋር ያውሩ፤ ያለዚያ መርሳቱ ይብስብዎታል» ብሎ ሸኛቸው።

መምህሩ የሚያወሩት አንድ ሰው ብቻ ነበራቸው። እሳቸውም በአጥር ወሰን ከተጣሉ ሃያ ሁለት ዓመት የሆናቸው ጎረቤታቸው ጋሽ መርዕድ ናቸው። በየማለዳው ከአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንድ ክንድ ለማትሞላ መሬት የቀያሹን ስም፣ የምስክሮቹን ቃል፣ ችካሉ የተተከለበትን ቀን ሳይቀር እየጠቀሱ ይሰዳደባሉ። ሐኪሙ በዓመቱ መርምሯቸው ተገረመ። «ምን ዓይነት ወዳጅ ቢያገኙ ነው?» አለ።

በዚህ መሀል የሰፈሩ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ትከሻ ገጥመው ተሳሳሙ፤ የዚያችን መሬት ነገር ዳግም ላያነሱም ማሉ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው «ደህና አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ሆነ። በሳምንቱ መምህሩ መነጽራቸውን ከስኳር ዕቃው ውስጥ አገኙት። በአሥረኛው ቀን የታናሽ ልጃቸው ስም ጠፋባቸው።

በአሥራ አንደኛው ማለዳ ሲወጡ የቆርቆሮው አጥር ሁለት ክንድ ወደ እሳቸው ግቢ ገብቶ ተተክሏል። ጋሽ መርዕድ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መዶሻ እንደያዙ ቆመዋል።

«ምነው መርዕድ፣ ምለን አልነበር?»

«የማልነው ስለዚያኛው መሬት ነው። ይሄ አዲስ ነው» አሉ ጋሽ መርዕድ። «በል ጀምር። እኔም ትናንት የገዛ ቤቴ በር ጠፍቶብኝ ስዞር ነው የዋልኩት።»

መምህሩ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ሌባ» አሉ።

«አልሰማሁም፤ ጮክ በል።»