በሩ ላይ የተሰቀለው ጉንጉን

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሚስቱና ልጁ ሳሎኑን በወረቀትና በኮላ አዝረክርከውት፣ እሱ ሶፋው ላይ ተንፈላስሶ ያሾፍባቸዋል። ሚስቱ በላይነሽ አደይ አበባ እየለጠፈች ለጎረቤት ሁሉ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ትሠራለች። ልጁ ማህደር ደግሞ ቄጠማውን ከአበባው ጋር ክብ አድርጋ ትጎነጉናለች።

«ለዚህ ሁሉ ምቀኛ ካርድ? እኔ ብሆን የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር የምልክላቸው።»

«ያልከሰስከው ጎረቤት የቀረ ይመስል!» አለች በላይነሽ፣ ጣቷ ላይ የደረቀውን ኮላ እየላጠች።

ማህደር ጉንጉኑን ወስዳ የውጭው በር ላይ ሰቀለችው። ቪዲዮ ላይ እንዳየችው ከሆነ ለቤት ድምቀት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከደጅ የብረት ኳኳታ ሰማና በመስኮት አጮለቀ። የእድሩ ሰዎች ናቸው። የአበባ ጉንጉኑን አይተው የቤቱ አባወራ የሞተ መስሏቸው ድንኳን እየተከሉ ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ። ሊቀመንበሩ ማስቲካ ያኝካል። የአንድ ሰው ዓይን እንኳን እንባ አላቀረረም። እንዲያውም አንዱ ያፏጫል።

ደሙ ፈላ። በሩን በርግዶ ወጣ።

«እናንተ! አለሁ! አልሞትኩም!»

ሁሉም ክው አሉ። ፉጨቱ ቆመ። ሊቀመንበሩ ማስቲካውን ዋጠው። ከሴቶቹ አንዷ እሱን ከላይ እስከ ታች አየችውና ደረቷን ትደቃ ጀመር።

«ወይኔ! በላይነሽ ናታ የሞተችብን!»

ያን ጊዜ ሰፈሩ በእሪታ ቀለጠ።