እኩል የሆነ ድምፅ

ስሙኝማ፣ እኔ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ልጄ ያሬድ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የመዝሙሮቼን ድምፅ እኩል እያደረገልኝ ነበር። አንዱ መዝሙር ይጮሃል፤ የንስሐ አባታችን ቤት ሲባርኩ በሞባይል የተቀዳው ጸሎት ደግሞ ጆሮ ካልተለጠፈበት አይሰማም። "እማዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ሁሉንም አንድ ልክ ያደርገዋል" አለኝና ጸሎቱን ከፈተው። ባለቤቴ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ጫማውን ይቦርሻል።

ጸሎቱ ሳይጀመር በፊት ሰምቼው የማላውቅ ሹክሹክታ ጎልቶ መጣ። "አባ፣ ወለተ ኪዳንንም በጸሎት ያስቡልኝ። እናቷ ግን እንዳትሰማ።"

"ማነው በቤቴ የሚያንሾካሹከው?" አልኩ።

"እኔ ምንም አልጨመርኩበትም" አለ ያሬድ። "ወለተ ኪዳን ደግሞ ማናት?"

የእህቱን የክርስትና ስም አያውቀውም። በዚህ ቤት የምናውቀው እኔና አባቷ ብቻ ነን።

ወደ ባለቤቴ ዞር ብዬ አየሁት። ያለ ፈቃዱ ካገባች ወዲህ "ስሟ እዚህ ቤት አይነሳ" ያለው እኮ እሱ ነው። እኔም እሱን ፈርቼ ተደብቄ ነበር የምጸልይላት። ብሩሹ ጫማው ላይ ቆሟል።

"ቀንሰው እንጂ አንተ" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ከመዝሙሮቹ ጋር እኮ እኩል ነው አባዬ።"

ባለቤቴን ልቆጣው ይሁን ልቀፈው አላወቅኩም። እባካችሁ፣ እናንተም ስትጸልዩ ወለተ ኪዳን በሉልኝ።