ዘመድ ሳይሰበሰብ

ሰርቨር፣ ማለትም በየቤቱ ሰው እያነጋገረ የሚያገለግለው ኮምፒውተር፣ ሥራው ሲከሽፍበት፣ ክሽፈቱን እንደ መርዶ ዘመድ ሳይሰበሰብ እንዳይናገር የሚያዘውን ሕግ ያረቀቀችው ምንትዋብ ናት። «ሰው ምን በወጣው በድንገት ይደንግጥ!» ብላ ተሟግታ ነው ያስጸደቀችው።

ያን ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ስለሚኖሩት እናቷ፣ እሳቸውንም የሚያገለግለውን ሰርቨር እንደ ወትሮዋ ጠየቀች።

«እማዬ እንዴት አደረች?»

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን!» አለ ሰርቨሩ።

ፊቷን ሳትታጠብ በሩ ተንኳኳ። አጎቷ ጋሽ ደምሰው ቆመዋል፤ አክስቶቿና ጎረቤቶቿ ከኋላቸው ደረጃውን ሞልተውታል።

«ምነው ጋሼ፣ በጠዋቱ?»

«እኛስ ምን አውቀን፤ ሰርቨሩ ‹ቶሎ ኑ› ብሎ ጠራን።»

ምንትዋብ እየሮጠች ወደ ሰርቨሩ ተመለሰች።

ሁሉም ገብተው ሲቀመጡ ሰርቨሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይዞሽ። እናትሽ ማታ ‹ሐኪም ጥራልኝ› ብለውኝ ነበር፤ ጥሪው አልሄደልኝም።»