አሥራ ስምንት ግራም

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ሚዛን» ይሏታል። የማትመዝነው ነገር የለማ! የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ያውም የለየላት። ልብስ ስታጥብ እንኳ የሳሙናውን ዱቄት በግራም ነው የምታሰላው።

ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ቤቷ ውስጥ ሌባ እንዳለ የደረሰችበት። ያውም የገዛ አባቷ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ የወጡት አናጺ አባቷ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ባለፈው ወር ሐኪሙ የግራ እግራቸውን ቁስል አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ካሁን በኋላ አንዲት ማንኪያ ስኳር በአፍዎ እንዳትዞር» አላቸው። «አለዚያ ይህን እግር አላተርፈውም።»

እናቷን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው እንባዋ መጣ።

«በቃ አባዬ፣ እኔም ካንተ ጋር ትቻለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምን በወጣሽ! በሽተኛው እኔ፣ ተቀጪዋ አንቺ?»

«አብረን ነው አልኩህ።»

ሻይ ያለ አራት ማንኪያ ስኳር የማትቀምስ ሴት ናት እንዲህ ያለችው። አባቷ ከወፍ ጋር ተነስተው ሻይ ያፈላሉ፤ «የጡረታ ሥራዬ» ይሉታል። እሷ የሞሉላትን ፔርሙስ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ትበራለች። የመጀመሪያው ሳምንት ሬት ሬት አላት። በሁለተኛው ግን ምላሷ ለመደ፤ ለመደና ደግሞ መምህራን ክፍል ውስጥ መስበክ ጀመረች።

«ስኳር ባዕድ ነገር ነው። ትንሽ ብትታገሱ ምላሳችሁ የሻዩን የራሱን ጣፋጭነት ያገኘዋል!»

«እኛ አንታገስም» አላት የባዮሎጂ መምህሩ፣ ስኳሩን እያማሰለ።

አንድ ቀን ታዲያ ለእንግዳ ተብሎ ከተቀመጠው ስኳር አጠገብ እርጥብ ማንኪያ አየች። ከቤተ ሙከራው ሚዛን ተውሳ መጣች። አሥራ ስምንት ግራም ጎደለ። በማግስቱም አሥራ ስምንት። እንግዳ አልመጣ፣ አይጥ በማንኪያ አይበላ! ቅዳሜና እሁድ ግን ምንም አይነካም። እሷ ቤት እየዋለች ማን ደፍሮ?

የአባቷን ጣት ወግታ ስትለካ መለኪያው «ደህና» ይላል። ተበላሽቷል ብላ አዲስ ገዛች። አዲሱም ደህና አለ። እሱንም አላመነችውም።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስኳር ትቅማለህ?»

«እኔ? በእናትሽ አጥንት! አንዲት ፍሬ በአፌ አልዞረችም።»

«ታዲያ የት ገባ?»

አባቷ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። «እኔ እንጃ... እርጥበት ይሆናል» አሉ።

እርጥበት! ለኬሚስትሪ መምህርት! ከሁሉ ከሁሉ ግን በእናቷ አጥንት መማላቸው አንጀቷን አሳረረው። ዋሽተዋት አያውቁም ነበር።

ያን ሰሞን የምታስተምረው ስለ ንጹህ ቁስ፣ ስለ ድብልቅና ስለ ሙሙት ነው። «አሸዋና ጠጠር ብትደባልቁ ዓይናችሁ ይለየዋል» አለች ለተማሪዎቿ። «ውሃ ውስጥ የሟሟን ነገር ግን አታዩትም። ሟሟ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። አለ! ብትቀምሱት ይነግራችኋል።»

ብልሃቱ የመጣላት እዚያው ሰሌዳው ፊት ቆማ ነው።

ማታ ስኳሩ ላይ እኩል በእኩል ጨው ጨመረችና ነቀነቀችው። ነጭ በነጭ፣ ማንም አይለየው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አይደል? ይላስ እንግዲህ!

ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ሚዛኑ ነው። ጎድሏል። አባቷ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አፍ አፋቸውን ታይ ጀመር። ብርጭቋቸውን አንስተው ፉት አሉ። ፊታቸው አልተኮማተረም። ደገሙት። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ አፌ ላይ ምን አየሽ?»

«ምንም» አለች። ላለመያዝ ብሎ ጨው የሚውጥ ሰው ምን ይባላል? መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ሄደች። አባቷ እግሩን ሊያስቆርጥ ቆርጦ ተነስቷል፤ ነገ እሱንም ትቀብራለች። ከሰዓት ሐኪሙ ዘንድ ወስዳ ታስተኛዋለች፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

በእረፍት ሰዓት ሁሉን ነገር ለባዮሎጂ መምህሩ ዘረገፈችለት።

«ጨዉን ዋጡት? ያለ ምንም?»

«እንደ ማር!»

«አይ አባትሽ! የዋዛ ሰው አይደሉም» አለ። «በይ ተረጋጊ፣ ሐኪሙ ጋ ከመደወልሽ በፊት እስቲ አንዴ ፉት በይ፤ ድምፅሽ ይመለስ።»

እንባዋን ጠርጋ ከፔርሙሷ ቀዳች፤ ጎንጨት አለች።

ጨው ነው።